መሬቱ ስንት ይጠጣል?

አጎቴ ጡረታ ሲወጡ እነዋሪ ከተማ ዳር፣ ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ ቤት መሥራት ጀመሩ። ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው። መሠረቱ ወጣ፣ ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ቀለም እንኳ በቤተሰብ ጉባኤ ተወሰነ። ገንዘቡም ትዕግሥቱም ሲሟጠጥ ነው እኔ ጋ የተደወለው። "ለሽንት ቤቱ ስንት ሜትር ላስቆፍር?"

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ሁሌም ቤቱ ሊያልቅ ሲል ይመጣል፤ ሁሌም ስለ ጥልቀት ነው። እኔም ሁሌም መልስ የለኝም። የጉድጓዱ ስፋትና ዓይነት የሚወሰነው ዙሪያውን ያለው አፈር በቀን በሚጠጣው ውኃ ልክ ነውና። ከተማ ውስጥ መስመር ካለ ፍሳሹ ተጉዞ ሌላ ቦታ ይጣራል። ገጠር ግን ማጣሪያ ጣቢያው የገዛ ግቢህ ነው። ታንክ የሚባለው ነገር ሥራውን ይጀምረዋል እንጂ አይጨርሰውም፤ የሚጨርሰው አፈሩ ነው።

ይህን ለማስረዳት ዳር ዳር ስል አጎቴ ቆፋሪ አስጠርተው ኖሯል። ወሩ ጥር ነው። ሰውየው ሁለት ሜትር ያህል ወርዶ፣ መሬቱን ለመፈተን ብሎ ሦስት ጀሪካን ውኃ ገለበጠበት። ውኃው እያዩት ጠፋ። "ጋሼ፣ ዓባይን ቢያመጡለት ይጠጣዋል!" አላቸው። አጎቴ ይህን በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ደስ ብሎት ነበር። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነበር።

የጅሩ ሜዳ መረሬ ነው፤ ሌላ ቦታ ዋልካ የሚሉት፣ መሐንዲሶች "ብላክ ኮተን" እያሉ የሚያማርሩበት ጥቁር አፈር። አገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ አላት። በውስጡ ያለው ሸክላ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ሜዳው እጅ በሚያስገባ ንቃቃት ይተረተራል፤ ስንጥቁ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ታች ይሄዳል። ቆፋሪው የገለበጠው ውኃ አፈሩ ውስጥ አልገባም። የገባው ስንጥቁ ውስጥ ነው። ሰኔ ሲገባ ሸክላው ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ያው መሬት እንደ ተወለወለ ገበቴ ውኃ ይዞ ይቆማል። በጥር የተደረገ ፈተና ስለ ጥር ብቻ ነው የሚናገረው።

"እስከ ነሐሴ ይታገሡኝ፤ አሮጌውን ሽንት ቤት አያፍርሱት" አልኳቸው። አጎረመረሙ፤ ግን ታገሡ።

እስከዚያው ታንኩን እናንሣ፤ ቀላሉ ክፍል እሱ ነውና። ሴፕቲክ ታንክ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ከጠላ ጋን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም (ጠጪዎች ይቅር ይበሉኝ)። ጋኑ ሳይነካካ ሲቀመጥ ከባዱ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ መሐሉ ይጠልላል። ታንክም እንዲሁ ነው። ከታች ዝቃጭ፣ ከላይ እንደ ስልባቦት የሚጋገር ስብና ሳሙና፣ ከመሐል ጠለል ያለ ውኃ። አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ቀስ እያሉ ይበሉታል፤ ግን ጨርሰው አይበሉትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ዓይነት ታንክ ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው ዣን ሉዊ ሙራ እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ዛሬም መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ባክቴሪያዎቹ ከሰገራው ጋር አብረው ስለሚመጡ ማስጀመሪያ እርሾ አያሻም፤ "ሽንት ቤት ያጎድላል" ተብሎ ለሚሸጥ ዱቄትም ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በረኪና በብዛት መድፋት ግን ሠራተኞቹን መግደል ነው።

ለአጎቴ ቤት ስሌቱ እንዲህ ሆነ። ስድስት ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር፤ በቀን 480 ሊትር። ውኃው ለመጥለል ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ረግቶ መቆየት አለበት፤ ታንኩ ትንሽ ሲሆን ሁለት ቀን ቢሰጡት ይሻላል። ይህ ወደ 1,000 ሊትር ነው። መታጠቢያውንና ኩሽናውን ጨምሮ የሚቀበል ታንክ ውስጥ ከአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ገደማ ዝቃጭ ይጠራቀማል፤ በየአራት ዓመቱ ይመጠጣል ብንል ሌላ 960 ሊትር። ሁለቱ ተደምረው ሁለት ሜትር ኩብ አይሞሉም። የእነዋሪ ብርድ ግን ባክቴሪያዎቹን ያንቀራፍፋቸዋል፤ ለፋሲካና ለጥምቀት የሚመጣውን የልጅ ልጅም መቁጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ሜትር ኩብ አልን። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.5 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 1.2 ሜትር፣ ከዚያ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ባዶ። ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ቀሪው የሁለተኛው። በመሐል ያለው ግድግዳ ቀዳዳው ከውኃው ጥልቀት መሐል ላይ ይሆናል፤ ዝቃጩም ስልባቦቱም እንዳይሻገሩ።

ግንበኛው ይህን ሲሰማ ሳቀ። "ይቺ ለዶሮ ናት" አለ። ስምንት ሜትር የሚቆፈርበት አገር ሰው ስለሆነ አልፈረድኩበትም። ግን ስምንት ሜትሩ ራሱ ችግር ነው። መምጠጫ መኪና ውኃን የሚስበው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ ክብደት በንድፈ ሐሳብ ውኃን 10 ሜትር ያህል ይገፋል። 2,600 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ወደ ሰባት ሜትር ተኩል ይወርዳል። ዝቃጩ ወፍራም ነው፣ ቱቦውም ይጎትተዋልና በተግባር ከዚያም ያንሳል። በደጋ አገር የተቆፈረ ስምንት ሜትር ጉድጓድ ታች ያለው ዝቃጭ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው የሚቀረው። መኪናው ከላይ ያለውን ውኃ ወስዶ ይሄዳል፤ ባለቤቱ "አስመጠጥኩ" ይላል፤ ከወራት በኋላ እንደገና ሞላ ብሎ ይደውላል።

ከመጠኑ ይልቅ የምጨቃጨቅበት አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ አለ፤ የመውጫው ቲ። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው፤ አንዱ ጫፍ ከስልባቦቱ በላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ጫፍ ከውኃው ገጽ 45 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይጠልቃል። ከታንኩ የሚወጣው ውኃ ከጠለለው ከመሐሉ ብቻ እንዲቀዳ የሚያደርገው እሱ ነው። ቲው ከሌለ ስልባቦቱ ቀጥ ብሎ ውኃው አፈር ውስጥ ወደሚሰርግበት ማስረጊያ ይሄድና የአፈሩን ቀዳዳዎች በስብ ይደፍናል። ስንት ብር የወጣበት ሥራ በዚህች ቁራጭ ምክንያት ሲበላሽ አይቻለሁ። በአጎቴ ታንክም የመጀመሪያ ቀን የገባው ቀጥ ያለ ቱቦ ነበር። "ውኃ እንደሆነ ያው ይወጣል" ተባልኩ። አስነቀልኩት። የመግቢያው ቱቦም ከመውጫው ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ግንበኛው ውኃ ልኩን ሁለት ጊዜ እንዲያስቀምጥ ለምኜዋለሁ።

በመረሬ ላይ የታንኩ ግድግዳ ከብሎኬት ብቻ አይሠራም፤ ሸክላው ሲያብጥ ይገፋዋል፣ ሲኮማተር ይለቀዋል፣ በሦስት ክረምት ይሰነጥቀዋል። አርማታ ነው የሚያዋጣው፣ ዙሪያውም የተቆፈረው ጥቁር አፈር ተመልሶ ሳይሆን ገረጋንቲ ይሞላበታል። ወለሉም አርማታ ነው። ሰው "ሴፕቲክ" እያለ የሚጠራው ወለል የሌለው ጉድጓድ ሴፕቲክ አይደለም። ተሠርቶ ሲያልቅ ውኃ ይሞላና አንድ ቀን ሙሉ ይጠበቃል፤ ከጎደለ ያፈሳል። ውኃው እዚያው ቢቀመጥም ይመረጣል፤ ባዶ ታንክ ክረምት ሲገባ እንደ ጀልባ ሊነሣ ይችላልና። በተለይ የፕላስቲኩ።

ነሐሴ ላይ ሄድኩ። በጥር ዓባይን ይጠጣል የተባለው ጉድጓድ እስከ አፉ ሞልቶ እንቁራሪት ይንጫጫበታል። አጎቴ ምንም አላሉም፤ ጉድጓዱን አሳዩኝና ወደ ቤት ገቡ። እኔ ከጎኑ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር። ግድግዳውን አካፋው ስለሚለስነው በቢላ ጫር ጫር አደረግሁት፤ ታች ትንሽ ጠጠር አለበስኩት፤ ማታ ውኃ ሞላሁበትና ዝናብ እንዳይገባ ቆርቆሮ ከደንኩበት። የስርገት ሙከራ የሚባለው ይኸው ነው፤ አፈሩ አንድ ሌሊት ጠጥቶ ይጠግባል፣ ጠዋት ውኃው 25 ሚሊ ሜትር ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ይለካል። ከ60 ደቂቃ በላይ ከወሰደ የተለመደው ማስረጊያ ጉድጓድ እዚያ አይሠራም። ጠዋት ቆርቆሮውን ሳነሣ ውኃው ማታ ከተውኩበት ምልክት በላይ ቆሟል። መሬቱ መጠጣቱ ቀርቶ ከጎን እያመነጨ ነበር።

ይህን ወደ ቁጥር እንመልሰው። ከታንክ የወጣ ፍሳሽ የአፈሩን ገጽ በስስ አተላ ስለሚሸፍነው፣ አፈሩ ለዘለቄታው የሚቀበለው ከንጹሕ ውኃ በጣም ያነሰ ነው። ሻካራ አሸዋ በካሬ ሜትር በቀን 50 ሊትር ገደማ ይቀበላል፣ ጥሩ ለም አፈር 25፣ የሚያብጥ ሸክላ ከ10 በታች። የአጎቴን 480 ሊትር 25 ለሚቀበል አፈር ብናካፍለው 19 ካሬ ሜትር ይበቃል። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ የጎን ግድግዳው 14 ካሬ ሜትር ነው (ወለሉ ቶሎ ስለሚደፈን አይቆጠርም)። ሁለት ጉድጓድ ማለት ነው። በመረሬ ላይ 5 ሊትር ብንወስድ ግን 96 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ሰባት ጉድጓድ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሰባቱም እንቁራሪት ማርቢያ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር መፍትሔው እኔ ጋ አልነበረም፤ ከአጥሩ ማዶ ነበር። የጅሩ ገበሬ ይህን አፈር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስንዴው ክረምት ላይ ውኃ እንዳይተኛበት ማሳውን ካረሰ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በእጁ አፈር እየዛቀ ሰፊ መደብ ያነሣል፤ በመደቦቹ መሐል ቦይ ይተዋል። ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ሥሩ ከፍ ባለው መደብ ላይ አየር ያገኛል። ተመራማሪዎች ከጊዜ በኋላ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ፣ ቢቢኤም የሚሉትን፣ ለእንዲህ ያለ ማሳ አዘጋጅተዋል። ለፍሳሽም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ወደ ታች የማይጠጣን መሬት ወደ ታች መቆፈር ምን ያደርጋል? ከፍ ማለት ነው እንጂ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሻሻሉት "የአሸዋ ጉብታ" የሚባል አሠራር ሐሳቡ ከጅሩ መደብ ጋር አንድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታጠበ ሻካራ አሸዋ በመሬቱ ገጽ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆለላል፤ በላዩ የጠጠር መደብ ይነጠፋል፤ በጠጠሩ ውስጥ የተበሳሳ ቱቦ ይዘረጋል፤ ሁሉም በስስ አፈርና በሣር ይለብሳል። ፍሳሹ በአሸዋው ውስጥ ሲንጠባጠብ አየር ያገኛል፤ በታንኩ ያልሞተው ተውሳክ አብዛኛው እዚያ ይጣራል። አሸዋው በካሬ ሜትር 40 ሊትር ስለሚችል የጠጠሩ መደብ 12 ካሬ ሜትር ይበቃዋል፤ ወርዱ 1.2፣ ርዝመቱ 10 ሜትር። የጉብታው እግር ግን ሰፊ መሆን አለበት፤ ተጣርቶ የወረደውን ውኃ በመጨረሻ የሚቀበለው ያው መረሬ ነውና። ልዩነቱ የሚቀበለው በላይኛው ገጹ፣ ሥር በበዛበትና ፀሐይ በሚያገኘው በኩል መሆኑ ነው። ጉብታው ረጅምና ቀጭን ሆኖ በተዳፋቱ አግድም ይተኛል፤ ከላይ በኩል የሚመጣውን የክረምት ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቆፈርለታል።

አሸዋው ከመገልበጡ በፊት ግን ቦታው ይታረሳል። ሣሩ ታጭዶ፣ አፈሩ ሳይረጥብ፣ በተዳፋቱ አግድም። ገልባጭ መኪና፣ ሎደር፣ ምንም ጎማ ያለው ነገር ጉብታው የሚያርፍበት ላይ አይወጣም፤ አንድ ጊዜ ከተጠቀጠቀ መረሬ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያችን የጎረቤት ጥንድ በሬ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ ነው ያረስነው። አራሹ ምን ሊዘራ እንደሆነ ቢጠይቅ አጎቴ "ሽንት ቤት" አሉት።

የከፍታው ነገር ራስ ያዞራል። ፍሳሹ በራሱ ወደ ጉብታው እንዲፈስ ታንኩ ግማሹ ከመሬት በላይ ተሠራ፤ የመጸዳጃው ወለልም ከግቢው 1.2 ሜትር ከፍ አለ። ሴራሚኩን ማንሣት ግድ ሆነ፤ በጉባኤ የተወሰነው ቀለምም አብሮ ተነሣ። ቱቦው ከመጸዳጃው እስከ ታንኩ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከታንኩ እስከ ጉብታው በየሜትሩ አንድ ይበቃዋል። ግቢው ከቤቱ ወደ ታች ከግማሽ ሜትር በላይ ማዘቅዘቁ ነው ያዳነን። ሜዳው ፍጹም ዝርግ ቢሆን ፓምፕ ያስፈልግ ነበር፤ መብራት በሄደ ቁጥር የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

ከሁሉ በላይ ግን ያቃለለልን ውኃውን መቀነሳችን ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ ማንሣት ነበረብኝ፤ አጎቴ ሲፎን ያለው ዘመናዊ መቀመጫ ካልሆነ ስላሉ ነው የዘገየው። አንድ ጊዜ ሲለቀቅ ስድስትና ዘጠኝ ሊትር የሚያፈስ መቀመጫ ለመረሬ አይሆንም፤ በማንቆርቆሪያ ሁለት ሦስት ሊትር የሚበቃው አለ። በአንዱ መታጠቢያ ቤት ሲፎኑ ባለበት ቀረ፣ በሌላው የማንቆርቆሪያው ገባ። የልብስና የገላ ውኃ ለብቻው በቱቦ ወጥቶ በጓሮው ወዳለ የተተከለበት ቦይ እንዲሄድ አደረግን፤ ቅባቱን የሚይዝ ትንሽ ሣጥን በፊቱ ተቀምጦለት። ወደ ታንኩ የሚገባው በቀን ከ200 ሊትር በታች ወረደ። ጉብታው የሚያስፈልገው እግር ከ96 ወደ 40 ካሬ ሜትር ተኮማተረ። የቡና አተላ ወደ ማጠቢያው እንዳይደፋ ሰዉ ሁሉ ተነግሮታል፤ የጠላው አተላ ድሮም የከብቱ ነው። አሮጌው ደረቅ ሽንት ቤትም አልፈረሰም። ሠርግና ተዝካር ባለበት አገር ስልሳ እንግዳ በአንድ ቀን ሦስት ሜትር ኩብ ታንክ ላይ መልቀቅ በአራት ዓመት የጠለለውን በአንድ ከሰዓት ማደፍረስ ነው።

የውኃ ጉድጓዱ ከጉብታው 30 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከላይ በኩል ነው። የጠለለ ውኃ ንጹሕ ይመስላል፤ አይደለም። የወስፋት እንቁላል ደግሞ በዝቃጩ ውስጥ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ስለማይሞት የተመጠጠው ማሳ ላይ አይደፋም። ታንኩ ሲከፈት ማንም ወደ ውስጥ አይገባም፣ የወደቀ ነገር ለማንሣትም ቢሆን፤ በውስጡ የሚታመቀው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሊያወጣው የገባውንም ይደግማል። በዚህ ላይ ከአጎቴ ጋር አልተከራከርንም፤ በሰፈራቸው በእንዲህ ያለ ጉድጓድ የሆነውን ያውቃሉ።

የተከራከርንበት ጉብታው ላይ የሚበቅለው ነገር ነው። እሳቸው ጌሾ ሊተክሉ ፈለጉ፤ "እንዲህ ያለ መደብ ሣር ብቻ ይብላው?" እኔ ሥሩ ቱቦውን ይይዘዋል አልኩ። ሣር ተዘራ። ባለፈው ነሐሴ ስሄድ ጉብታው አረንጓዴ ነው፣ እግሩ ሥር ከጎርፍ መመለሻው ቦይ ሌላ የቆመ ውኃ የለም፤ የገላ ውኃው ቦይ ግን ሐምሌን ሙሉ እየሞላ አስቸግሯቸው ነበር፣ እሱን ገና ማርዘም አለብን። በጉብታው ዙሪያ የግራር እሾህ አጥር ቆሟል። ምን እንደሆነ ስጠይቅ ላሚቱ ሣሩን ወዳው በዝናብ እየወጣች ስትረግጠው ጊዜ ነው አሉኝ።